የ699 ዶላሩ ካርድ፦ ስለ አርቲኤክስ 3080 እጥረትና ዋጋ የጉዳይ ጥናት

ጥናቱ የተጻፈበት ምክንያት

ኤንቪዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አርቲኤክስ 5090 እና አርቲኤክስ 5080 የተባሉትን ግራፊክስ ካርዶች (የኮምፒውተርን ምስል የሚሠሩ ክፍሎች) ጃንዋሪ 30 ቀን 2025 ለገበያ ሲያቀርብ፣ አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ገዢዎች በመደብር ደጅ ድንኳን ተክለው አደሩ፤ በኢንተርኔት የቀረበውም ወዲያው አለቀ። በዚያው ሰሞን ካርዶቹ በሁለተኛ እጅ ገበያ ከወጣላቸው ዋጋ እጅግ በልጠው ይሸጡ ጀመር። ይህን ስመለከት ከአራት ዓመት ተኩል ገደማ በፊት በአርቲኤክስ 3080 ላይ የሆነው ነገር እንደ አዲስ ሲደገም አየሁ። ያን ጊዜ የተሞከሩት መፍትሔዎች ብዙ ነበሩ፤ የትኛው እንደ ሠራ፣ የትኛው እንደ ከሸፈ፣ ለምን እንደዚያ እንደ ሆነም ዛሬ በቂ ማስረጃ አለ። ስለዚህ በቪዲዮ ቅንብር፣ በሦስት አውታር ሥዕል ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ላይ ላሉና እንዲህ ያለ ካርድ ለሚያስፈልጋቸው አንባቢዎች ጉዳዩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መዝግቦ ማስቀመጥ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ግለሰቦች በስም አልተጠቀሱም። ኩባንያዎቹ ግን ያደረጉት በይፋ የታወቀ ስለሆነ በስማቸው ተጠርተዋል። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

ነገሩን ለመረዳት ከ2018 መጀመር ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ኤንቪዲያ ያወጣው አርቲኤክስ 2080 ቲአይ መነሻ ዋጋው 999 ዶላር ተብሎ ቢነገርም፣ ኩባንያው ራሱ የሚሸጠው 1,199 ዶላር ነበር። ከዚያ በፊት የነበረውን ዋጋ የለመዱ ብዙ ገዢዎች ይህን አይተው ያላቸውን አሮጌ ካርድ ይዘው መጠበቅን መረጡ። እንግዲህ በ2020 ገበያው የሁለት ዓመት የተጠራቀመ ፍላጎት ይዞ ነበር ማለት ነው።

ሴፕቴምበር 1 ቀን 2020 አርቲኤክስ 3080 ይፋ ሆነ። 28 ቢሊዮን ያህል ትራንዚስተር ያለው ቺፕና 10 ጊጋባይት ሜሞሪ የያዘው ይህ ካርድ በፍጥነት ያንን የ1,199 ዶላር ካርድ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ ዋጋው 699 ዶላር ነው ተባለ። ከማስታወቂያው በኋላ በነበሩት ቀናት አሮጌ ካርዳቸውን በርካሽ ለመሸጥ የተጣደፉ ሰዎች ጥቂት አልነበሩም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የተሻለውን በግማሽ ዋጋ እንደሚገዙ እርግጠኞች ነበሩና። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለወራት ያለ ካርድ ቀርተዋል።

ወቅቱ የኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ሰዎች ከቤት ሆነው ይሠሩና ይማሩ ነበር፤ ለጉዞና ለመዝናኛ ሊወጣ ይችል የነበረው ገንዘብ ወደ ኮምፒውተር ዕቃ ዞሮ ነበር።

ችግሩ ሲጀምር

ሽያጩ የተከፈተው ሴፕቴምበር 17 ነው። የኤንቪዲያ የራሱ የመሸጫ ገጽ ብዙዎች “ግዛ” የሚለውን ምልክት እንኳ ሳያዩ “አልቋል” ወደሚለው ተለወጠ፤ የሌሎች ሻጮች ገጾችም ወይ ተጨናንቀው ቆሙ ወይ ባዶ ሆኑ። ከአራት ቀን በኋላ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ በሰጠው ማብራሪያ፣ በገጹ ላይ የደረሰው ከፍተኛ የጎብኚ ጫና ካለፈው የካርድ ትውልድ ጋር ሲነጻጸር 10 እጥፍ እንደ ነበር ገለጸ፤ በቦት ማለትም ከሰው ፈጥነው ትእዛዝ በሚያስገቡ ፕሮግራሞች የተፈጸሙ ግዢዎችን በእጅ እየለየ መሰረዙንም አስታወቀ። በሽያጩ ቀን ገዢው ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥ ፈተና በገጹ ላይ አልነበረም። የተጨመረው ካርዱ ካለቀ በኋላ ነው።

ከቦቶቹ ጀርባ የነበሩት በአማርኛ አየር በአየር የምንላቸው ነጋዴዎች ናቸው። ካርዱን በ699 ዶላር ገዝተው፣ ከካርቶኑ እንኳ ሳያወጡ፣ በኢቤይና መሰል ገበያዎች ላይ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር አስበልጠው ሸጡት። ቀጥሎ የመጣው አርቲኤክስ 3070 ከኦክቶበር 15 ወደ ኦክቶበር 29 የተላለፈው በቂ ክምችት ለማዘጋጀት ተብሎ ነበር፤ እሱም አለቀ። ኖቬምበር 18 ቀን የተፎካካሪው የኤኤምዲ ካርድ በ649 ዶላር ሲወጣ ተስፋ ያደረጉ ነበሩ፤ እሱም በዚያው ቀን አለቀ።

እጥረቱ ከየት መጣ

በወቅቱ ጥፋቱ ሁሉ በአየር በአየር ነጋዴዎች ላይ ሲጣል ሰምተናል። ቁጣው ይገባኛል፤ ነገር ግን ነጋዴዎቹ ክፍተቱን ተጠቀሙበት እንጂ አልፈጠሩትም። ክፍተቱን የፈጠሩት በአንድ ላይ የተገጣጠሙ በርካታ ምክንያቶች ናቸው።

የመጀመሪያው የአቅርቦቱ ባሕርይ ነው። ቺፕ የሚመረተው አስቀድሞ በተያዘ የፋብሪካ ቦታ ነው፤ አንድ የሲሊከን ዝርግ ወደ ምርት መስመር ገብቶ የተጠናቀቀ ቺፕ እስኪሆንም ወራት ይፈጃል። ስለዚህ በሴፕቴምበር የታየውን ፍላጎት አይቶ በኦክቶበር ምርትን እጥፍ ማድረግ አይቻልም። የ3080 ቺፕ የሚሠራው በሳምሰንግ ፋብሪካ ነበር፤ ካርዱ ላይ የሚገጠመውን ልዩ ሜሞሪ ደግሞ የሚያመርተው ማይክሮን ብቻ ነበር። ቺፑ የሚቀመጥበት ንጣፍና ጥቃቅኖቹ የኤሌክትሪክ ክፍሎችም በዓለም ዙሪያ አጥረው ነበር፤ የመርከብ ጭነትም ተስተጓጉሎ ነበር። ኤኤምዲ በበኩሉ የካርዱን ቺፕ ታይዋን በሚገኘው የቲኤስኤምሲ ፋብሪካ ሲያሠራ፣ በዚያው የምርት መስመር ላይ የራሱ የኮምፒውተር ፕሮሰሰሮች፣ እንዲሁም በዚያው ኖቬምበር የወጡት የፕሌይስቴሽን 5 እና የአዲሱ ኤክስቦክስ ቺፖች ይሻሙ ነበር። ተፎካካሪ መኖሩ ብቻውን ያልጠቀመው በዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛውና ዋጋውን በእውነት ያናረው ምክንያት ማይኒንግ፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብን በኮምፒውተር ስሌት ማምረት ነው። የኢቴሪየም ዲጂታል ገንዘብ በዚያን ጊዜ የሚገኘው ግራፊክስ ካርድ በሚሠራው ስሌት ሲሆን፣ ስሌቱ የሚፈልገው ከሁሉ በላይ የሜሞሪ ፍጥነት ነበር። አርቲኤክስ 3080 በሰከንድ 760 ጊጋባይት የሚያስተላልፍ ሜሞሪ ስላለው ለጨዋታ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ሥራም በጣም የተመቸ ሆኖ ተገኘ። ካርዱ ሲወጣ አንድ ኢቴሪየም ከ400 ዶላር በታች ነበር፤ በሜይ 2021 ከ4,000 ዶላር በላይ ደረሰ።

ይህ ለውጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማሳየት አዲስ አበባን የሚያውቅ አንባቢ የሚኒባስ ታክሲን ያስብ። ሚኒባስ ዋጋው የሚወሰነው በፋብሪካ ወጪው ሳይሆን በቀን በሚያስገባው ገቢ ነው፤ መስመሩ ጥሩ ሲሆን መኪናው ያረጀም ቢሆን ይወደዳል። ግራፊክስ ካርድም በ2021 መጀመሪያ ላይ ከቤት ዕቃነት ወደ ታክሲነት ተለወጠ። ለጨዋታ ወይም ለቪዲዮ የሚገዛው ሰው “699 ዶላር ይከብደኛል ወይስ አይከብደኝም” ብሎ ሲያስብ፣ ለማይኒንግ የሚገዛው ደግሞ “በስንት ወር ገንዘቤን ይመልስልኛል” ብሎ ያሰላ ነበር። ሁለቱ በአንድ ገበያ ሲጋፉ ሁለተኛው እንደሚያሸንፍ ግልጽ ነው። በሜይ 2021 አርቲኤክስ 3080 በኢቤይ ላይ ከ2,000 ዶላር በላይ ሲሸጥ ዋጋውን የደገፈው ይህ ስሌት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማብራሪያ ላክል። በቅርብ ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ኤሌክትሪክ የሚገዙት ኩባንያዎች የሚያመርቱት ቢትኮይን ነው። ለቢትኮይን የሚውሉት ለዚያ ሥራ ብቻ የተሠሩ ልዩ ማሽኖች ስለሆኑ ከግራፊክስ ካርድ ገበያ ጋር በቀጥታ አይገናኙም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚመለከት ሰው ስለሚያጋጥመኝ ነው ይህን የምለው።

ሦስተኛው ምክንያት ቀረጥ ነው። አሜሪካ ከቻይና በሚገቡ ዕቃዎች ላይ ከጣለችው ቀረጥ ግራፊክስ ካርዶች በጊዜያዊነት ነጻ ተደርገው ነበር፤ ይህ ፈቃድ በ2020 መጨረሻ አበቃና ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ቀረጥ ተጨመረ። አምራቾቹ በዚያው ወር ዋጋ ጨመሩ። 699 ዶላር የሚለው ቁጥር በወረቀት ላይ እንዳለ ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ በመደበኛ መደብር እንኳ በዚያ ዋጋ ካርድ ማግኘት ብርቅ ሆነ።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ኤንቪዲያ በመጀመሪያ ያደረገው በኦክቶበር 2020 አሜሪካ ውስጥ የራሱን ካርዶች ሽያጭ ቤስት ባይ ለተባለው የኤሌክትሮኒክስ መደብር ድርጅት ማስረከብ ነው። ቤስት ባይ ቆየት ብሎ ካርዶቹን በመደብሮቹ በአካል መሸጥ ጀመረ፤ ማይክሮ ሴንተር የተባለው የኮምፒውተር መደብርም አብዛኛውን ካርዱን ወደ መደብር ለመጣ ሰው ብቻ ይሸጥ ነበር። ሌሊቱን በብርድ ወረፋ ለመያዝ የሚችል ሰው ዕድል አገኘ። ቦት መደብር ደጅ ሊቆም አይችልምና ዘዴው ቦቶችን በእርግጥ አስቀርቷል። ነገር ግን መደብሩ አጠገብ የማይኖር፣ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ፣ ሕፃን ትቶ መውጣት የማይችል ሰው ዕድሉ ተዘጋበት፤ ገንዘብ ከፍሎ ሌላ ሰው የሚያሰልፍ አየር በአየር ነጋዴም አልጠፋም።

ኒውኤግ የተባለው የኢንተርኔት ሻጭ በጃንዋሪ 2021 ዕጣ ማውጣት ጀመረ። ገዢው የሚፈልገውን ይመርጣል፤ ዕጣ የደረሰው ብቻ የመግዛት መብት ያገኛል። ፍጥነት ዋጋ ስለማይኖረው ቦት ብልጫውን ያጣል፤ ምንም እንኳ ብዙ አካውንት የከፈተ ሰው ብዙ ዕጣ ቢኖረውም። ቅሬታ ያስነሣው ግን ካርዱ ብዙ ጊዜ ብቻውን አለመቅረቡ ነበር። ከማዘርቦርድ ወይም ከፓወር ሳፕላይ ጋር ተጣምሮ ስለሚሸጥ፣ ዕጣ የደረሰው ሰው የማይፈልገውን ዕቃ አብሮ ለመግዛት ይገደድ ነበር። ስኳር ለመግዛት ሳሙና አብረህ ውሰድ የተባለ ሸማች የሚሰማው ስሜት ምን እንደ ሆነ ለአንባቢዎቼ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከሁሉም የበለጠ ትኩረት የሚገባው የኢቪጂኤ ወረፋ ነው። ይህ ካርድ ገጣጣሚ ኩባንያ ገዢዎች በገጹ ላይ እንዲመዘገቡ አደረገ፤ የተመዘገቡበትን ሰዓት ይዞ፣ ምርት በደረሰ ቁጥር በተራ ኢሜይል ይልክላቸው ነበር። ተራው የደረሰው ሰው ለመግዛት የተወሰኑ ሰዓታት ይሰጡታል፤ ካልገዛ ተራው ለሚቀጥለው ያልፋል። ለአንድ ሰው የሚሸጠውም በቁጥር የተገደበ ነበር። በጃንዋሪ 2021 ዋጋ ሲጨምር እንኳ፣ አስቀድመው ለተመዘገቡት ለተወሰነ ጊዜ በቀድሞው ዋጋ መሸጡን ቀጠለ። ከአንድ ዓመት በላይ የጠበቁ ነበሩ። ሆኖም ጠባቂዎቹ በየማለዳው የኮምፒውተር ገጽ ላይ ማፍጠጥ አላስፈለጋቸውም፤ ብዙዎቹም ተራው የየትኛው ሰዓት ተመዝጋቢ ላይ እንደ ደረሰ እርስ በርስ እየተነጋገሩ የራሳቸውን ተራ ይገምቱ ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ የቆጠበ ሰው በተራና በዕጣ መካከል ያለውን ልዩነት ያውቀዋል። ዕጣ እኩል ዕድል ይሰጣል፣ ነገር ግን ትናንት የመጣውንና ከዓመት በፊት የመጣውን አይለይም። ተራ የጠበቀውን ያከብራል፣ ነገር ግን ለዘገየው ተስፋ ያስቆርጣል። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ካየሁት ተራን እመርጣለሁ፤ ሰው የሚጎዳው በመጠበቁ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚደርሰው ባለማወቁም ጭምር ነውና።

ኤንቪዲያ የማይኒንግን ፍላጎት ከምንጩ ለመለየትም ሞክሯል። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2021 በ329 ዶላር በወጣው አርቲኤክስ 3060 ላይ የኢቴሪየምን ስሌት ሲያውቅ ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ገደማ የሚያወርድ መቆለፊያ ገጠመ፤ ለማይኒንግ ሠራተኞችም ምስል ማሳያ መሰኪያ የሌላቸውን የተለዩ ካርዶች አቀረበ። መቆለፊያው አንድ ወር አልሞላውም። በማርች ኩባንያው ራሱ ለሶፍትዌር ሠሪዎች የለቀቀው የሙከራ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) መቆለፊያውን በስህተት ከፈተው። በሜይ መቆለፊያው ተሻሽሎ በ3080 እና በሌሎቹም ካርዶች አዲስ ምርት ላይ ተገጠመ። በክረምቱ የማይኒንግ ሶፍትዌር ሠሪዎች ከፊሉን አለፉት፤ በሜይ 2022 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ።

የቆዩ ካርዶችም ወደ ገበያ ተመልሰዋል። በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ በ2021 እንደገና ወደ መደብር መቅረቡ እጥረቱ ምን ያህል እንደ ከፋ ያሳያል፤ ቢሆንም ሜሞሪው 4 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ለኢቴሪየም አይጠቅምም ነበርና ለተራው ተጠቃሚ ደረሰ። ይህ ታቅዶ የተሠራ መቆለፊያ አልነበረም፤ ውጤቱ ግን ከመቆለፊያው የተሻለ ነበር።

እጥረቱ እንዴት አበቃ

ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱም እጥረቱን አላስወገደም። ወረፋውና ዕጣው ያለውን ካርድ በተሻለ ፍትሕ አከፋፈሉ፤ የካርዱን ብዛት ግን አልጨመሩም። ዋጋውን ያወረደው ካርዱ የሚያስገኘው ገቢ መድረቁ ነው። በኖቬምበር 2021 ወደ 4,800 ዶላር ደርሶ የነበረው ኢቴሪየም በጁን 2022 ወደ 1,000 ዶላር ገደማ ወረደ። አሜሪካም በማርች 2022 የቀረጥ ነጻ ፈቃዱን መለሰች። ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ኢቴሪየም አሠራሩን ለውጦ በግራፊክስ ካርድ የሚደረገው የኢቴሪየም ማይኒንግ ጨርሶ ቆመ።

ከዚያ በፊት ባሉት ወራት መደብሮች ባዶ ከነበሩበት ወደ ሞሉበት ተገልብጠው ነበር። ያገለገሉ የማይኒንግ ካርዶች በርካሽ ጎረፉ፤ ኤንቪዲያ በጁላይ 2022 ባበቃው ሩብ ዓመት በአብዛኛው በተከማቸ ዕቃ ምክንያት ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ በሒሳቡ አስመዘገበ። ኢቪጂኤ፣ ያንን ወረፋ የዘረጋው ኩባንያ፣ በሴፕቴምበር 2022 ከግራፊክስ ካርድ ሥራ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን አስታወቀ። ከኤንቪዲያ ጋር የነበረው ግንኙነትና ትርፉ ማነሱ ምክንያት ተብለው ተጠቅሰዋል። ለገዢ በጣም የተጠነቀቀው ድርጅት ከገበያው መውጣቱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ያሳዘነኝ ክፍል ነው።

እጥረቱ ያለፈው ግን ምልክት ትቶ ነው። በኖቬምበር 2022 የወጣው የሚቀጥለው ትውልድ ተመሳሳይ ደረጃ ያለው ካርድ፣ አርቲኤክስ 4080፣ ዋጋው 1,199 ዶላር ሆነ። ሰዎች ለ3080 ከዚያ በላይ ሲከፍሉ የታየ ስለሆነ አምራቹ ክፍተቱን ራሱ ለመውሰድ እንደ ሞከረ አድርጌ እረዳዋለሁ። ይሁን እንጂ የኢቴሪየም ማይኒንግ በቆመበት ገበያ 4080 በመደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ በጃንዋሪ 2024 የተሻሻለው ቅጂ በ999 ዶላር ቀረበ።

ለሌላ ጊዜ የሚጠቅሙ ነጥቦች

ለሻጭ የሚሆነው ዋናው ነጥብ የሚከተለው ነው፦ የተጻፈው ዋጋ ሰዎች ለመክፈል ከተዘጋጁት በብዙ ሲያንስ፣ ልዩነቱ የማከፋፈያው ደንብ ወደሚያደላለት ሰው ይሄዳል። ደንብ ካልወጣለት ደግሞ ለፈጣኑ፣ ማለትም ለቦት ይሆናል። ስለዚህ የወረፋው ሥርዓት ከሽያጩ ቀን በፊት መዘጋጀት አለበት፤ ኤንቪዲያ በሴፕቴምበር 2020 የሰው ማረጋገጫውን ከሽያጩ በኋላ መጨመሩ ካርዶቹን አልመለሳቸውም። በ2025 ግን ኩባንያው እስከ ሽያጩ ቀን ድረስ የተከፈተ አካውንት ላላቸው ደንበኞች ቅድሚያ የሚሰጥ አሠራር አምጥቷል። ቦት ያለፈ ጊዜን ሊፈጥር ስለማይችል መነሻው ትክክል ነው፤ የዘገየው እሱም ሽያጩ ከተከፈተ በኋላ በመጀመሩ ነው።

ለገዢ፣ አዲሱ በእጅ ሳይገባ አሮጌውን መሸጥ እንደማይገባ የ2020ው ሴፕቴምበር በግልጽ አሳይቷል። ካርዱ ለሥራ የሚያስፈልገው ሰው በየቀኑ ገጽ ከማደስ ይልቅ ተገጣጥሞ የሚሸጥ ሙሉ ኮምፒውተር መግዛትን ማሰብ ይችል ነበር። ትልልቅ የኮምፒውተር ገጣጣሚዎች ካርዱን በብዛትና በውል ስለሚያገኙ፣ በዚያ ዘመን ካርዱ ብቻውን በኢቤይ ከሚሸጥበት ብዙ ሳይርቅ ሙሉው ማሽን የሚገኝበት ጊዜ ነበር። ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሻንጣ እንዲያመጣለት ለሚጠብቅ ሰው ይህ መንገድ አይመችም፤ ለእሱ ከአንድ ትውልድ በፊት የነበረውን ካርድ መግዛት የተሻለ ነው።

ሌላው ለገዢ የሚጠቅመው ጥያቄ “ይህንን ዕቃ ከእኔ ጋር የሚሻማው ማን ነው፣ ለምንስ ይፈልገዋል” የሚለው ነው። በ2021 የኢቴሪየምን ዋጋ የሚከታተል ሰው የካርዱን ዋጋ አቅጣጫ ከየትኛውም የመደብር ማስታወቂያ በተሻለ መገመት ይችል ነበር። ዛሬ ተሻሚው ሌላ ነው፦ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ የሚካሄድባቸው ዳታ ማዕከሎች። ኤንቪዲያ በጃንዋሪ 2021 ባበቃው የበጀት ዓመት ከጨዋታ ካርዶች ያገኘው 7.76 ቢሊዮን ዶላር፣ ከዳታ ማዕከል ካገኘው 6.7 ቢሊዮን ይበልጥ ነበር። በጃንዋሪ 2025 ባበቃው ዓመት ግን ከ130.5 ቢሊዮን ዶላር ጠቅላላ ገቢ ውስጥ 115.2 ቢሊዮኑ የዳታ ማዕከል ሲሆን የጨዋታው 11.35 ቢሊዮን ብቻ ነው። በ1,999 ዶላር የወጣው የአርቲኤክስ 5090 ቺፕ፣ 96 ጊጋባይት ሜሞሪ ተገጥሞለት ለድርጅቶች በሚሸጠው ካርድ ላይም ይገኛል፤ የዚያኛው ዋጋ ከ8,000 ዶላር በላይ ነው።